ለላብቪው የትኛው መለኪያ ሰሌዳ ይሻላል? አርዱይኖ ኡኖ፣ ዩኤስቢ-6001 እና ላብጃክ ቲ7

«ከላብቪው ጋር የሚሠራ ርካሽ ሰሌዳ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ ስለሚደጋገምብኝ መልሱን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጥን መረጥሁ። ላብቪው የሴንሰር ንባብን በኮምፒውተር ለመመዝገብና ለማሳየት የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር ቀይሮ ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ጠያቂዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከሰሌዳው ዋጋ ነው፤ ገንዘቡ የሚያልቀው ግን ብዙውን ጊዜ በሶፍትዌር ፈቃድ፣ በሲግናል ማጉያ፣ በኬብልና በባከነ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚነጻጸረው ከሴንሰሩ ጫፍ አንሥቶ ስክሪን ላይ እስከሚታየው ግራፍ ድረስ ያለው ወጪ ሁሉ ተደምሮ መሆን አለበት። በዚህ ስሌት ሙቀትን፣ ግፊትንና ክብደትን የመሰሉ ቀስ ብለው የሚለዋወጡ ነገሮችን ለሚለካ ሰው ምርጫዬ ላብጃክ ቲ7 መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

በሥዕል ፕሮግራም የሚሠራበት ላብቪው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። ከ2020 ወዲህ ኮሚዩኒቲ የተባለው እትም በነጻ ይገኛል፤ ሆኖም የተፈቀደው ለግል ሥራ እንጂ ለንግድ ወይም ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይደለም። ፈቃድ መግዛት ግዴታ ከሆነ የፈቃዱ ክፍያ ከሰሌዳው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በሰሌዳው ላይ ጥቂት ዶላር ለማትረፍ መጨነቅ ትርጉም ያጣል። ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ነገር ለሚፈልግ ኖድ-ሬድ አለ፤ ይህም በ2013 በአይቢኤም ውስጥ የተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን፣ በሰከንድ ጥቂት ንባብ ለሚበቃው ሥራ ያለ ችግር ያገለግላል።

አርዱይኖ ኡኖ አር3 ከሦስቱ እጅግ ርካሹ ነው፤ ኮፒው ከ10 ዶላር በታች ይገኛል። ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው መለወጫው 10 ቢት በመሆኑ 5 ቮልትን ለ1024 ይከፍላል፤ አንዱ እርከን ወደ 4.9 ሚሊቮልት ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ግን የመለኪያ ማጣቀሻው፣ ማለትም የሴንሰሩ ቮልቴጅ የሚነጻጸርበት ቮልቴጅ፣ በፕሮግራም ካልተቀየረ በስተቀር፣ ራሱ የዩኤስቢው ኃይል መሆኑ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ከ5 ወደ 4.75 ሲወርድ፣ ሴንሰሩ ምንም ሳይለወጥ ንባቡ በ5 በመቶ ገደማ ይዋሻል። በ9600 ባውድ (የመላኪያ ፍጥነት) የሚላከውም በሰከንድ 960 ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ንባብ ስድስት ፊደል ከወሰደ በሰከንድ የሚደርሰው 160 ንባብ ነው። ላብቪው ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ኡኖ እንደ አዲስ ስለሚነሣ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ሳይጠብቁ ማንበብ የጀመሩ ሁሉ «አይሠራም» ብለው ይደውሉልኛል።

ስለ ኮፒዎች የምናገረው ይበዛል። ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው ሲኤች340 ቺፕ የተገጠመላቸው ድራይቨራቸው ከተጫነ በደንብ ይሠራሉ፤ ቢያንስ ሌላ ነኝ አይሉም። አደገኞቹ በሌላ ስም የሚሸጡት ናቸው። በ2014 በዊንዶውስ ዝማኔ በኩል የመጣ የቺፕ ሠሪው የኤፍቲዲአይ ድራይቨር ፎርጅድ የኤፍቲ232 ቺፖችን መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ቀይሮ ነበር፤ ቺፑ ያለበት መሣሪያ በማግሥቱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ሳያውቀው ቀረ። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ የአርዱይኖውን ደካማ መለወጫ ለመተካት 16 ቢት ነው የተባለ ኤዲኤስ1115 ሞጁል ገዝቶ ነበር፤ ንባቡ ግን ሁልጊዜ የ16 ብዜት ብቻ ሆነ። የታችኞቹ አራት ቢቶች ዘወትር ዜሮ መሆናቸው ውስጡ ያለው 12 ቢቱ ኤዲኤስ1015 መሆኑን ይናገራል። ይህን ዓይነት ሞጁል የገዛ ሁሉ ጥቂት መቶ ንባብ መዝግቦ ለ16 ቢያካፍል ያውቀዋል። በጥገና በኩል ግን ኦሪጅናሉ ኡኖ የሚመሰገንበት ነገር አለው፦ ዋናው ቺፕ በሶኬት የተቀመጠበት ሞዴል ቢቃጠል ቺፑን ነቅሎ መተካት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ኮፒዎች ግን ቺፑን ስለሚበይዱት ከተቃጠሉ የሚቀራቸው መጣል ነው።

የላብቪው ሠሪ የሆነው የኤንአይ ኩባንያ ዩኤስቢ-6001 በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለናሙና ሰዓቱ ነው፦ በሰከንድ እስከ 20,000 ናሙና የሚወስደው በራሱ ሰዓት እየቆጠረ በመሆኑ፣ ዊንዶውስ ለአፍታ ቢዘናጋም በናሙናዎቹ መካከል ያለው ጊዜ አይዛነፍም። ዳክ-ኤምኤክስ የተባለው ድራይቨር ነጻ ነው፤ ከላብቪው ጋርም ማንም እንደ እሱ አይግባባም። ሰሌዳው ሳይገዛ በፊት በድራይቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ ያለ አስመሳይ መሣሪያ ፈጥሮ ሙሉውን ፕሮግራም መሞከርም ይቻላልና፣ ገዢ ሁሉ ይህን ሳያደርግ ገንዘብ ባያወጣ እመክራለሁ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ድራይቨሩ ከላብቪው እትም ጋር እንዲስማማ፣ የላብቪውም 32 ወይም 64 ቢትነት እንዲታወቅ ነው። አዳዲስ የድራይቨር እትሞች አሮጌ ካርዶችን ስለሚጥሉ፣ ያገለገለ ፒሲአይ (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ) ካርድ በርካሽ የገዛ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር፣ ባለ 68 ፒን ኬብልና ማገናኛ ሳጥን ሲፈልግ ርካሽነቱ ይጠፋል።

ዩኤስቢ-6001ን ከምርጫዬ ያስወጣው የመለኪያ ክልሉ ነው። ±10 ቮልት ብቻ ነው፤ አይጠብብም። 20 ቮልት ለ14 ቢት ሲካፈል እርከኑ 1.22 ሚሊቮልት ይሆናል። የኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (የሙቀት ሴንሰር) ደግሞ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ እርከን ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ በኡኖ ከሆነማ ወደ 120 ዲግሪ። ስለዚህ ለሁለቱም ማጉያ መግዛት ግድ ነው፤ ጥሩ ማጉያ በየቻናሉ ሲገዛ ደግሞ ርካሹ ሰሌዳ ውድ ይሆናል።

ላብጃክ ቲ7 ውድ ነው፤ ከኡኖ ኮፒ ጋር ሲተያይ ዋጋው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን 14 የአናሎግ መግቢያ፣ 16 ቢትና እስከ ±0.01 ቮልት የሚጠብ ክልል አለው። በዚህ ክልል እርከኑ 0.3 ማይክሮቮልት ገደማ ስለሆነ ቴርሞካፕል ያለ ማጉያ በቀጥታ ይታሰርበታል፤ ወደ ዲግሪ የሚቀይረውን ስሌትም ሰሌዳው ራሱ ይሠራል። ለላብቪው የተዘጋጁ ምሳሌዎች አሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዩኤስቢም በኢተርኔትም ሞድባስ የተባለውን የመሣሪያዎች የጋራ መግባቢያ ስለሚናገር፣ የላብቪው ፈቃድ ቢያልቅ ያው ሰሌዳ በፖርት 502 በኩል ከኖድ-ሬድ ጋር ያለ ልዩ ድራይቨር ይገናኛል። ሰሌዳውን ከአንድ ሶፍትዌር ዕድሜ ጋር አለማሰር ለእኔ ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጣል። ጉድለቱ መለወጫው አንድ ሆኖ በየቻናሉ የሚዘዋወር መሆኑ ነው፤ በሰከንድ 100,000 ናሙና የሚባለው ለሁሉም ቻናል የሚከፋፈል ሲሆን፣ ጥራቱ ከፍ ሲል ፍጥነቱ በእጅጉ ይወርዳል። ንዝረት ለመለካት ቲ7ን አልመክርም፤ ለዚያ በየቻናሉ የራሱ መለወጫ ያለው ኤንአይ-9234ን የመሰለ ሞጁል ያስፈልጋል።

ያገለገለ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሻጩ አንዱን መግቢያ በአጭር ሽቦ ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ንባቡን እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ መግቢያው ተጎድቷል። ምንም ሳይታሰርበት የጎረቤቱን ቻናል ቮልቴጅ የሚያሳይ ባዶ መግቢያ ግን የብልሽት ምልክት አይደለምና፣ በዚህ ብቻ ጥሩ ሰሌዳ መመለስ አይገባም።