የፐርሜትሪን ዱቄት ለዶሮና ለአይጥ ቅንቅን፦ የት ይሠራል፣ የት ይከሽፋል

በለገጣፎ፣ በሱሉልታና በሰበታ ዳርቻ ዶሮው ከመኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ ያድራል፣ ርግቧ ቆርቆሮ ሥር ትፈለፍላለች፣ አይጡም ኮርኒስ ውስጥ ይራባል። ሌሊት ገላ ማሳከክ ሲጀምር ግን ጥርጣሬው ሁሉ ትኋን ላይ ያርፍና መድኃኒቱ ፍራሽ ላይ ይፈሳል። ነካሹ ግን ቅንቅን፣ ማለትም ከወፍ ወይም ከአይጥ የሚመጣ ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ሊሆን ይችላል፤ የቅንቅን መነሻ ደግሞ ወፏ ወይም አይጡ ያደረበት ቦታ ነው። ለዚያ ቦታ ከእንስሳት መድኃኒት መደብር የሚገዛው የፐርሜትሪን (የተባይ ማጥፊያ) ዱቄት ጥሩ ነው እንላለን፤ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅና በባሕር ዛፍ መጋጠሚያ ውስጥ ደርቆ ይቆያል።

ከመግዛት በፊት ግን መለየት ይገባል። የዶሮ ቀይ ቅንቅን ቀን ይደበቃል፣ ሌሊት ደም ይመጥጣል። መጠኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ሲራብ ግራጫ፣ ሲጠግብ ቀይ ነው። ከመሸ በኋላ የቆጡን እንጨት ሥር በባትሪ ማየት፣ ወይም መጋጠሚያውን በነጭ ወረቀት መጥረግ በቂ ነው፤ ካለ ወረቀቱ ላይ የደም ጭረት ይቀራል። እንደ እከክ ቆዳ ውስጥ ስለማይቀበር የእከክ ቅባት አያጠፋውም።

አጠቃቀሙ፦ ኩሱንና ጎጆውን ጠርጎ ማውጣት፣ እንጨቱን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ። ከዚያ ክዳኑ በምስማር በተበሳ ደረቅ ሃይላንድ፣ አፍንጫን ሸፍኖ፣ ዱቄቱን ስንጥቁ ውስጥ ስስ አድርጎ መንፋት። ክምር ማድረግ ብክነት ነው፤ አየር ላይም ይነሳል። በክረምት እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፣ ስለዚህ የሚያፈሰው ቆርቆሮ አስቀድሞ ይጠገን።

ትልቁ ድክመቱ እንቁላሉን በአስተማማኝ ሁኔታ አለመግደሉ ነው። በሙቀት ጊዜ ቅንቅኑ በ7 ቀን ገደማ ከእንቁላል ወደ ሙሉ ዕድሜ ይደርሳል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ካልተደገመ የመጀመሪያው ልፋት ከንቱ ነው። ዶሮዎቹን ሸጦ ቆጡን ባዶ መተውም አያዋጣም፣ ሳይበላ ለወራት ይቆያልና። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በሕይወት ከታየ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ሊሆን ስለሚችል መጠን ከመጨመር ሌላ ዓይነት መድኃኒት መጠየቅ ይሻላል።

አይጥ ያለበት ቤት ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። አይጡ ቀድሞ ከሞተ ቅንቅኑ ሬሳውን ትቶ ደም ፍለጋ ወደ ሰው ይወርዳል። ስለዚህ ዱቄቱ መጀመሪያ የአይጡ መንገድና ጎጆ ላይ ይገባል፣ ወጥመዱ ይከተላል። መርዝ አንመክርም፤ ሬሳው ኮርኒስ ውስጥ ቀርቶ ይሸታል።

ለአይጥ ብለው ድመት ያሳደጉ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ፐርሜትሪን ድመት ይገድላል። ለዶሮ የሚሆነው ዱቄት ብዙ ጊዜ 0.25 በመቶ ነው፤ መጠኑ ማሸጊያው ላይ ይነበብ። በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን፣ ስሙም መጠኑም ያልተጻፈበትን፣ አትግዙ።