የካንቤራ ሁለት የዕፅዋት ስፍራዎች፦ የትኛው ይቅደም?

ዋልተር በርሊ ግሪፈን ከባለቤቱ ከማሪዮን ማሆኒ ጋር በነደፋት የአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ ከብሔራዊው የዕፅዋት ስፍራና ከብሔራዊው አርቦሬተም (ልዩ ልዩ ዛፎች ተሰብስበው ከሚታዩበት ስፍራ) አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። የመጀመሪያው በብላክ ማውንቴን ግርጌ የአውስትራሊያን አገር በቀል ዕፅዋት ብቻ ያሳያል፤ በተለይ በሰው ሠራሽ ጭጋግ እርጥበቱ የሚጠበቅለት የዝናብ ደን ሸለቆ፣ በዚያ ደረቅ አየር መካከል መገኘቱ ራሱ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ባለ 250 ሄክታሩ አርቦሬተም ግን በ2003ቱ የሰደድ እሳት በተጎዳ መሬት ላይ የተነሣ በመሆኑ፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡት አብዛኞቹ ዛፎቹ ገና ወጣት ናቸው፤ ስለዚህ በጥር ሙቀት ጥላ ያንሰዋል። በአርቦሬተሙ ውስጥ ያለው፣ ግሪፈን ያስጀመረው የቡሽ ዛፍ ደን ግን ከ1917 ጀምሮ የተተከለ ነው። እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ፤ ከተማዋን ከነሐይቋ ከኮረብታ ላይ ማየት ለሚሻ ግን አርቦሬተሙ ይበልጣል።