የእናቴን ድሬሲንግ ቴብል ላዳኑልን አናጢ

ይህችን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ይከነክነኛል።

የእናቴ ድሬሲንግ ቴብል ቤታችን የገባው በ1974 ከሠርጓ ጋር ነው። የዋንዛ ነው። ሦስት መስታወት፣ አራት መሳቢያና አንድ ዱካ አለው። ቤታችን ውስጥ ሶፋው ለእንግዳ ነው፤ ቡፌው ለእንግዳ ብርጭቆ ነው፤ አልጋዋ ላይ እንኳ የልጅ መዓት ይተኛበት ነበር። ለእሷ ብቻ የተሠራ እቃ ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ቅባቷን ተቀብታ፣ ሻሿን እስክታስር ድረስ ማንም አይጠራትም። (ኩሏን ስሰርቅ የተያዝኩበትን ቀን አልነግራችሁም።)

ዘንድሮ ቤት ስንቀይር አንድ እግሩ ተሰበረ። መሳቢያዎቹ ድሮም እየያዙ ያስቸግሩ ነበር። የመሃሉ መስታወትም ጠቋቁሯል። መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ «ይሄማ ለማገዶ ነው፤ በኤምዲኤፍ አዲስ ልሥራልሽ» አለኝ። እማዬ ምንም አልተናገረች። ዳንቴሉን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተችው። አንጀቴን በላችው።

ጎረቤታችን ናት ጉለሌ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ የላከችኝ። መጡና መሳቢያውን አውጥተው ገለበጡት። «ዋንዛ እኮ ነው! ይሄን ማን ይጥላል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሳንቃ እንደ ልብ አይገኝም። እንደ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ያለ የተጨመቀ እንጨት ደግሞ አንዴ ውሃ ከነካው ያብጣል፤ ብሎኑ ከተነቀለ መልሶ አይዝም።

ከዚያ ያደረጉት ነው የገረመኝ። «እትዬ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉልኝ» ብለው እማዬን ዱካው ላይ አስቀመጧት። ጉልበቷን ያማታል። ለመነሳት ስትታገል ዝም ብለው አዩዋት። እቃው ተሠርቶ ሲመጣ ዱካው ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። የተሰበረውን እግር ሲቀጥሉ ሌሎቹንም ቀጥለው ጠረጴዛውን አብረው ከፍ አድርገውታል። እኛ አላዘዝናቸውም።

መስታወቱን የጎዳው እርጥበት ነው። ከጠርዙ ገብቶ የጀርባውን ብር በልቶታል። የመሃሉን ብቻ ቀየሩ፤ የጎንና የጎኑን «ደህና ነው» ብለው አልነኩትም። የመሳቢያዎቹን ሥር ሻማ አሹበት። አሁን በአንድ ጣት ይሳባሉ። መስታወቱን ጨምሮ 6,500 ብር ከፈልኩ።

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ሁለት ሳምንት ያሉት አምስት ሳምንት ፈጅቷል። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ለሠርግ የምትቸኩሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።

ዳንቴሉ ታጥቦ ቦታው ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት «እማ፣ ቡና ደርሷል!» ብዬ ስጠራት በሩን ዘግታ «ቆይ!» አለችኝ።