ለክፍል ምልከታ የሚያዘጋጀው የቅዳሜ ሥልጠና ምን ያህል ይጠቅማል?

በባሕር ዳር ከተማ፣ መምህራንን በማፍራት ረጅም ታሪክ ካለው ከፔዳ ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ በጡረታ የተገለሉ መምህራን በኪራይ አዳራሽ የሚሰጡት የቅዳሜ ሥልጠና አለ። የሚያተኩረው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ፣ የትምህርት ክፍል ተጠሪው ወይም የጉድኝት ማዕከሉ (በአንድ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚደራጁበት ማዕከል) ሱፐርቫይዘር ለምልከታ ክፍል ሲገቡ መምህሩ ምን ዓይነት ትምህርት አዘጋጅቶ ሊጠብቃቸው እንደሚገባ ያሳያል። ብዙዎቻችን ምልከታን የምናውቀው እንደ ፈተና ነው፤ ታዛቢው ቅጹን ይዞ ከኋላ ሲቀመጥ ድምፃችን ይለወጣል፣ የሰሌዳ ጽሑፋችን ሳይቀር ያምራል። አሠልጣኞቹ የመምህሩን ትኩረት ከራሱ ላይ አንሥተው ተማሪው በ40 ደቂቃ ውስጥ ወደሚሠራው ሥራ ያዞሩታል፤ በእኔ ግምት የሥልጠናው ትልቁ ዋጋ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዕለቱን ትምህርት ዓላማ መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በቅርቡ የሚያስተምረውን ርዕስ ከነመማሪያ መጽሐፉ ይዞ እንዲመጣ ስለሚጠየቅ ልምምዱ በእውነተኛ ይዘት ላይ ይካሄዳል። አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት «ተማሪዎች ስለ እምቦጭ አረም ይገነዘባሉ» ብላ ጻፈች። አሠልጣኙ «መምህርት፣ መገንዘባቸውን በምን ታያለሽ?» ሲሏት አዳራሹ በሙሉ ዓላማውን በማረም ተጠመደና በመጨረሻ «ተማሪዎች እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ከሚያደርሳቸው ጉዳቶች ሦስቱን ከነምክንያታቸው ያብራራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣ። ዓላማው እንዲህ ግልጽ ሲሆን የቀረውን ዕቅድ ማውጣት ቀለለ። ተማሪው ምክንያቱን ማብራራት ካለበት፣ አረሙ የውሃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃን እንደሚከለክል፣ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንደሚያሟጥጥ፣ የአጥማጆችንም ጀልባ እንደሚያግድ የሚደርስበት ተግባር ሊሰጠው ይገባል። መርጃ መሣሪያውም ሩቅ አልነበረም። ከሐይቁ ዳር የመጣ አንድ ተክል፣ ያበጠው የቅጠሉ አገዳ በምላጭ ተሰንጥቆ አየር የሚይዘው ስፖንጅ መሰል ውስጡ ሲታይ፣ አረሙ ለምን እንደሚንሳፈፍ ያለ ብዙ ቃል ያስረዳል። አሠልጣኙ ተክሉ ከትምህርቱ በኋላ ደርቆ እንዲቃጠል እንጂ ውሃ ባለበት ቦታ እንዳይጣል ማሳሰባቸውን እጅግ ወደድሁት፤ ጥንቃቄው ራሱ የትምህርቱ አካል ነውና።

ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ከሰዓት በኋላ የሚደረገው የማስተማር ልምምድ ነው። አንዱ ሠልጣኝ ሲያስተምር የቀሩት እንደ ተማሪ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ታዛቢ ይሆናሉ። አንደኛው ታዛቢ የተለመደውን የምልከታ ቅጽ ሲሞላ፣ ሁለተኛው የዴስኮቹን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ሥሎ፣ መምህሩ ስሙን ጠርቶ በጠየቀው ወይም ቀርቦ ሥራውን ባየለት ሰው ቦታ ላይ ሁሉ አንድ ጭረት ያኖራል። አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር አስተምሮ ሲጨርስ ቅጹ ላይ ከፍተኛ ነጥብ አገኘ፤ ሥዕሉ ሲገለጥ ግን ጭረቶቹ በሙሉ በፊተኞቹ ሁለት ረድፎችና በመስኮቱ በኩል ተከማችተው፣ የኋላው ረድፍ ባዶ ነበር። ማንም አልወቀሰውም፤ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆይቶ በዕቅዱ ኅዳግ ላይ የሚጠይቃቸውን ሰዎች ቦታ አስቀድሞ መጻፍ ጀመረ። ይህን ሥዕል ማንኛውም መምህር የሥራ ባልደረባውን ለምኖ ሊያሠራው ይችላል፤ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

የጥያቄ አጠያየቅ ክፍሉም ጥሩ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባቀረበቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ካቀረቡ በኋላ የሚታገሡት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ትዕግሥቱ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና መልስ ሳይሰጡ የሚቀሩት እንደሚቀንሱ አሳይታለች። አሠልጣኞቹ ይህን ካስረዱ በኋላ «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለቀኑ ከለከሉ፤ በእሱ ፋንታ ተማሪው በሩብ ወረቀት አንድ መልስ ጽፎ እንዲያስረክብ ያደርጋሉ። ሰባ ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ!» የሚልበትን ክፍል የምናውቅ ሰዎች ልዩነቱ ወዲያው ይታየናል።

አንድ አቋማቸውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ያስተማሩትን ትምህርት ለታዛቢ ሲባል እንደገና ማቅረብን፣ ማን እጁን እንደሚያወጣ ከተማሪዎች ጋር መመካከርንም፣ በግልጽ ይቃወማሉ። እኔም እስማማለሁ፤ ተማሪው የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ከማጣቱም በላይ መምህሩ ማስመሰልን ሲለማመድ ያያል።

ጉድለቶቹ ግን ቀላል አይደሉም። የጠዋቱ ሰዓት ከሚገባው በላይ የትምህርት ዕቅድ ቅጽ በመሙላት ያልፋል፤ መግቢያ፣ አቀራረብና ማጠቃለያ የሚባሉትን ክፍሎች በሥራ ላይ ያለ መምህር ሁሉ ያውቃቸዋል። የሚታደለው ፎቶ ኮፒ ደብዝዞ አንዳንዱ ገጽ አይነበብም። ዋናው ችግር የቡድን ሥራው ልምምድ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ ወንበርና አነስተኛ የተማሪ ቁጥር መኖሩን በሁሉም ክፍል እንዳለ ቆጥሮ መነሻ ማድረጉ ነው። ሦስት ሦስት ተማሪ በአንድ ዴስክ በሚቀመጥበት ክፍል ወንበር ማዞር ብቻውን የክፍለ ጊዜውን ሩብ ይበላል። መፍትሔውን ያመጣው ከዘጌ በጀልባ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ነበር፤ በእሱ ክፍል የፊተኛው ዴስክ ተማሪዎች ዴስኩን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ኋላ ዞረው ስድስት ይሆናሉ፣ ቡድኑም ከትምህርት ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ስለማይለወጥ ምልከታ ቢኖርም ባይኖርም በሰከንዶች ውስጥ ይሠራል። አዘጋጆቹ ይህን ሐሳብ በጽሑፋቸው ቢያካትቱት መልካም ነው።

ከምልከታው በኋላ ስለሚደረገው ውይይት ደግሞ የተባለው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። መምህሩ ግብረ መልሱን እንዴት እንደሚቀበል፣ በማይስማማበት ነጥብ ላይ የተማሪዎቹን ሥራ አስረጅ አድርጎ እንዴት እንደሚናገር፣ የተነገረውን ድክመትም ወደ ቀጣዩ ሳምንት ዕቅድ እንዴት እንደሚያስገባ ሊለማመድ ይገባው ነበር።

ክፍያው በሁለት ጊዜ ስለሚከፈል ለመምህር ደመወዝ አይከብድም። ለጀማሪ መምህራን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ብዙ ዓመት ያስተማረ ሰው ግን ጠዋቱን ትቶ የከሰዓቱን ልምምድ ብቻ እንዲወስድ ቢፈቀድለት ይሻላል። የሚመዘገብ ሰው ምልከታው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይሂድ፤ ዕቅዱን ካረመ በኋላ በገዛ ክፍሉ የሚሞክርበት ጊዜ ያስፈልገዋል።