ለሐጅ ክትባት የት ልሂድ ለምትሉ፦ ይህችን ሲስተር ፈልጓት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከጀማዓችን ጋር ሐጅ የሄዱ እናቶችና አባቶች ሁሉ «አደራ፣ አመስግኑልን» ብለውናል። ስሟ እንዳይጻፍ ስለጠየቀችን አንጽፈውም፤ የምትሠራበትን የክትባት ክፍል ግን ለጠየቀን ሁሉ እናሳያለን።

ቀድሞ የተከተቡበት ቦታ ስሙ ይቅር። ወረፋው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ መርፌውን ወግተው፣ ቢጫ ካርዱን (ዓለም አቀፉን የክትባት ካርድ) ወርውረው «ቀጣይ!» ይላሉ። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ማን አየው? ሲስተር ግን መርፌ ከማንሳቷ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርትና ካርድ ጎን ለጎን ዘርግታ አነበበች። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 የተከተቡ ሰዎች ካርድ ላይ 20/08/2017 ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ አገኘች። ጅዳ ላይ ያለ ተቆጣጣሪ ይህን ኦገስት 20 ቀን 2017 ብሎ ነው የሚያነበው፤ ክትባቱ ጊዜው ካለፈ ስንት ዓመቱ ማለት ነው! ትክክለኛው ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ነበር። ካርዶቹን ወደ ሰጣቸው ተቋም መልሳ፣ በአዲስ ካርድ አስጽፋ፣ ማኅተምና ፊርማ እስኪያርፍባቸው ድረስ ተከታትላለች። ጀዛኪላሁ ኸይረን!

ሌላም ብዙዎች የሚሳሳቱበት አለ። የሚፈለገው የማጅራት ገትር ክትባት ኤ፣ ሲ፣ ዋይ እና ደብልዩ የሚባሉትን አራቱንም ዓይነቶች የሚከላከለው ነው። በአገራችን ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዘመቻ የተሰጠው «ኤ» የሚባለውን ዓይነት ብቻ ነው የሚከላከለው፣ ስለዚህ «እኔ ተከትቤያለሁ» ማለት አይበቃም። ሳውዲዎች የሚያጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1987 እና በ2000 እ.ኤ.አ. ሐጅ ላይ የተነሣው ማጅራት ገትር ከተመላሾች ጋር ወደየአገሩ ተበትኗል። መርፌው ሳውዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን መቅደም አለበት። ኮንጁጌት የሚባለው የክትባቱ ዓይነት ለ5 ዓመት ይሠራል፣ ፖሊሳካራይድ ለ3። ዓይነቱ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ በ3 ዓመት ይቆጠራልና አስጽፉ።

ቢጫ ወባን በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ የተከተበ ዕድሜ ልኩን በቂው ነው። የድሮ ካርድ ላይ 10 ዓመት ቢልም ይሠራል። እዚያ ወረፋ ያለበት ቦታ አዛውንቶችን «ድገሙ» ብለው ሲያስከፍሉ ነበር። ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት ስለሆነ ከ60 ዓመት በላይ ያለ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለበት።

የማንረሳው ግን የስኳር ታማሚ እናታችንን ያስተናገደችበት ነው። ወረፋውን ዘግታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይገባ፣ እዚያ ቀዝቅዞ ከረጋ እንደሚበላሽ፣ በረዶ እንዳይነካው፣ ሙቀት ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍበት ደጋግማ አስረዳች። ባዶ እግር እንዳይሄዱ፣ ማታ ማታ ጫማቸውንና ውስጥ እግራቸውን እንዲፈትሹ አስማለቻቸው። እሳቸውም «ልጄ» ብለው መርቀዋት ወጡ።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም፤ በ2024 መካ 51.8 ዲግሪ ደርሶ፣ 1,301 ሰው ማረፉን የሳውዲ መንግሥት ተናግሯል። አላህ ይማራቸው። ለሁሉም የሰጠችው ምክር ይህ ነው፦ ኦአርኤስ አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ውኃ፣ በግማሽ ሊትር አታወፍሩት፤ ጥም ሳይመጣ ጠጡ፤ ሽንት ጠቆር ካለ ውኃ አንሷል። ጃንጥላ ያዙ። ሰው ቆዳው ከጋለ፣ ንግግሩ ከተምታታ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ አንገቱንና ብብቱን በውኃ አርጥባችሁ አራግቡ፣ ወደ ሳውዲ አምቡላንስ 997 ደውሉ። ራሱን የሳተን ሰው በግድ ውኃ አታጠጡ። ያልፈላ የግመል ወተትም ይቅርባችሁ፤ መርስ የሚባለው ከባድ የመተንፈሻ አካል በሽታ ከግመል ይተላለፋል። ፀጉር ስትላጩ አዲስ ምላጭ ፊታችሁ ይከፈት።

ሂዱ፣ ሂዱ፣ ሂዱ! ከበረራው አንድ ወር ተኩል ቀድማችሁ፣ ፓስፖርታችሁንና የድሮ ካርዶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ለወላጆቻችሁ ከሆነ ደግሞ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ይዛችሁ ግቡ፣ እሷ አንድ በአንድ ታያለች።