የብጉር ብርሃን ጭምብል፦ ጅማ ውስጥ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ሰማያዊና ቀይ ብርሃን የሚያወጣውን የብጉር ጭምብል መጠቀም የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ነው። ከዱባይ የተመለሰ ዘመድ ይዞልኝ መጣ፤ ዛሬ ግን በቴሌግራም የሚነግዱ ሰዎች ተመሳሳዩን ጅማ ድረስ ያመጣሉ። የሥራ ባልደረቦቼና የታናሽ እህቴ ጓደኞች «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ መሣሪያው ይሠራል፣ የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት ብጉር ብቻ ነው። እንደ እኛ ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ሰማያዊው ብርሃን የራሱን ጥቁረት ጥሎ ሊሄድ ስለሚችል፣ ለአብዛኛው ሰው በመጀመሪያ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ዕቃ አይደለም።

ብጉር የሚጀምረው የቆዳ ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቆዳ ሲደፈን ነው። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ቆዳውም ተቆጥቶ ይቀላል፣ መግል ይይዛል። ባክቴሪያው ፖርፊሪን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርት ሲሆን፣ 415 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለይበት የሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ፖርፊሪኑ ብርሃኑን መጥጦ ባክቴሪያውን መልሶ የሚገድል የኦክስጅን ዓይነት ይፈጥራል። ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር የሚደርሰው ቀይ ብርሃን ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ ቁጣውን ለማብረድ ይውላል። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ብርሃኑ ባክቴሪያውን ይመታል እንጂ የተደፈነውን ቀዳዳ እንደማይከፍት ነው። ስለዚህ አፍንጫ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦችና ግንባር ላይ እንደ ሽፍታ የሚበዙት ትንንሽ ነጭ ነጥቦች በዚህ መሣሪያ አይጠፉም፤ ከቆዳ ሥር ጠጥረው የሚያሙትና ጠባሳ የሚተዉት ትልልቅ እባጮችም የሐኪም ጉዳይ ናቸው።

በእኔ ፊት የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ጉንጬ ላይ የሚወጡት ቀላ ያሉና መግል የሚይዙት ብጉሮች፣ ጭምብሉን ሳላቋርጥ በተጠቀምኩባቸው ወራት ቀንሰዋል፤ የወጡትም ቶሎ ከስመዋል። ለውጡን ለማስተዋል ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶብኛል፤ አጠቃቀሙን ስተው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተመልሰዋል። የአፍንጫዬ ጥቁር ነጥቦች እንደነበሩ ናቸው። አንድ ሌላ ነገር ከማስታወቂያው ፎቶ ላይ ማንም አያየውም፦ አምፖሎቹ የተደረደሩት በግንባር፣ በጉንጭና በአፍንጫ ዙሪያ ሲሆን፣ በመንጋጋ ጠርዝና ከአገጭ ሥር አንድም አምፖል የለም። ለአቅመ ሔዋን ከደረስን ከብዙ ዓመት በኋላም ብጉር የማይለቀን ሴቶች፣ በተለይ የወር አበባ ሲቃረብ፣ አብዝቶ የሚወጣብን ደግሞ እዚያው መንጋጋ ላይ ነው። ጭምብሉን ወደ ታች ስቤ ለመያዝ ብሞክርም ክንድ ያዝላል፣ ብርሃኑም በአግባቡ አያርፍም።

ጥናቶቹን በተመለከተ ሻጮች የሚጠቅሱት ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. በብሪታኒያ የቆዳ ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ሰማያዊና ቀይ ብርሃን በአንድነት በየቀኑ ለ12 ሳምንታት ሲሰጥ የተቆጡ ብጉሮች በአማካይ በ76 በመቶ መሻሻላቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ በ2016 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ተቋም ኮክሬን ያወጣው ግምገማ በዘርፉ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ አብዛኞቹ አስተማማኝ መደምደሚያ ላይ የሚያደርሱ ሆነው አላገኛቸውም። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም አጥብቆ የመከረው ባክቴሪያውን የሚገድለውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድንና እንደ አዳፓሊን ያሉትን የሬቲኖይድ (የቫይታሚን ኤ ወገን የሆኑ) ቅባቶች ሲሆን፣ የብርሃን ሕክምናን ለመምከር ግን ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። አንድ ነጠላ ጥናት ጥሩ ውጤት ስላሳየ ብቻ፣ ጉልበቱ በውል ያልተገለጸ የቤት ጭምብል ያንኑ ውጤት ይሰጣል ማለት አይቻልም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን ጥቁረቱ ነው። ብጉሩ ራሱ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ የሚተወው ጥቁር ምልክት ግን በእኛ ቆዳ ላይ ለወራት ይቆያል። ብዙዎቻችን «ብጉር አስቸገረኝ» ስንል የምናማርረው በአብዛኛው ይህንኑ ምልክት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 415 ናኖሜትር የሆነው ብርሃን መካከለኛ ቀለም ባለው ቆዳ ላይ እስከ ሦስት ወር የሚቆይ ጥቁረት እንዳስከተለ፣ 630 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ብርሃን ግን እንዲህ እንዳላደረገ አሳይቷል። በጥናቱ የተሰጠው የብርሃን መጠን ከቤት መሣሪያ ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም በእኔ ላይ በሦስተኛው ወር አካባቢ፣ ብጉር ወጥቶበት በማያውቀው የጉንጬ አጥንት ላይ፣ አምፖሎቹ በጣም በሚቀርቡበት ቦታ፣ ጠቆር ያለ ጥላ መታየት ጀመረ። ጠዋት በመስኮት ብርሃን በመስታወት ሳየው በግልጽ ይለያል። ሰማያዊውን አጥፍቼ ቀዩን ብቻ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ ቀስ በቀስ ፈዝዟል። መሣሪያው ሁለቱን ለያይቶ ማብራት ባይችል ኖሮ እስካሁን አልጠቀምበትም ነበር።

ዓይንም ቀላል ነገር አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኒውትሮጂና የተሰኘው የብጉር ብርሃን ጭምብል ከገበያ የተሰበሰበው፣ የተወሰነ የዓይን ሕመም ያለባቸውን ወይም ዓይንን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎችን ሊጎዳ ይችላል በሚል ጥንቃቄ ነበር። በእኛ አገር ለብጉርም ሆነ ለሌላ ሕመም የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ቆዳን ለብርሃን ስስ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ፣ እየወሰዱት ያሉ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ጭምብሉን ማድረግ የለባቸውም።

የመብራት ነገርም አለ። የእኔው በባትሪ የሚሠራ በመሆኑ መብራት ሲሄድ አይቋረጥም፤ ከሶኬት ጋር ተያይዞ ብቻ የሚሠራውን የገዛች ባልደረባዬ ግን በክረምት አጠቃቀሟ ተቆራርጦ ቀርቷል። ብርሃኑ የሚጠቅመው ሳይቋረጥ ሲሆን ብቻ ስለሆነ ይህ ጅማ ላይ ከዋጋው እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ለጭምብሉ የሚወጣው ገንዘብ የቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል የብዙ ወራት ፍጆታ ይሸፍናል። ጄሉ 2.5 በመቶ የሆነው ከተገኘ ከጠንካሮቹ ያነሰ ያቃጥላል፣ ጥቅሙ ግን እምብዛም አያንስም፤ ፎጣና የትራስ ልብስ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ነጭ መጠቀም ይሻላል። አዳፓሊን የተደፈነውን ቀዳዳ ስለሚከፍት ብርሃኑ የማይነካውን ሥራ ይሠራል፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች ግን ሊቀቡት አይገባም። ከሁለቱም በፊት ግን መንስኤውን ማየት ያስፈልጋል። ፀጉሬን ቅቤ በምቀባባቸው ሳምንታት ግንባሬ ላይ የፀጉሬን መስመር ተከትለው ትንንሽ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ፀጉሬን ታጥቤ ፊቴን ከቅቤው ስጠብቅ ያለ ምንም መሣሪያ ይጠፋሉ። ፊት ያቀላል ተብሎ የሚሸጥ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ያመጣውን ብጉር ደግሞ ብርሃን አያድነውም፤ ክሬሙን በሐኪም ምክር ማቆም ነው መፍትሔው። ከተማችን የቆዳ ሐኪም የሚገኝባት ስለሆነች፣ ከጭምብሉ ዋጋ በጥቂቱ አንድ ጊዜ መታየት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላም ጉንጯ ላይ ቀላ ያሉ መካከለኛ ብጉሮች የሚመላለሱባት፣ ጄሉ ቆዳዋን አብዝቶ የሚያቃጥላትና ለወራት ሳታቋርጥ መጠቀም የምትችል ሰው ብትገዛው አልቃወምም። ስትገዛ ሻጩን የሞገድ ርዝመቱ በናኖሜትር ስንት እንደሆነ፣ ቀዩ ለብቻው ይበራ እንደሆነ፣ የዓይን መከለያ አብሮ ይመጣ እንደሆነና ባትሪው ሲደክም ሊቀየር ይችል እንደሆነ ትጠይቅ። «ሰባት ቀለም አለው» የሚል መልስ ብቻ ካገኘች ገንዘቧን ይዛ ወደ ፋርማሲ ብትሄድ ይሻላታል።