ለሙስታንግ የኋላ መብራት የገዛሁት ጠቆር ያለ መሸፈኛ

ፎርድ ሙስታንግ ከኋላ ሲታይ የሚለየው በግራና በቀኝ ቀጥ ብለው በቆሙት ሦስት ሦስት ቀይ መብራቶቹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የመጀመሪያው ሞዴልም ይህንኑ መልክ ይዞ ነበር። በጥቁር መኪና ላይ ግን ሰፊው ደማቅ ቀይ ፕላስቲክ መብራቱ ጠፍቶ መኪናው በቆመ ጊዜ ከቀለሙ ጋር አይስማማም። መብራቶቹን ከአካሉ ጋር የሚያዋሕድ ጠቆር ያለ መሸፈኛ ለመግዛት ያነሣሣኝ ይህ ነው። አሁን የምገመግመው መሸፈኛ ከመብራቱ ቅርጽ ጋር ተመሳስሎ አክሪሊክ ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን ጥቁሩንም ፈካ ያለውንም ሞክሬዋለሁ።

መብራት ለማጥቆር ሌሎች መንገዶችም አሉ። የሚነፋውን ቀለም ገና ከጅምሩ ተውኩት፤ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ ለማንሳት ዋናውን የመብራት ፕላስቲክ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ግድ ይላልና። የሚለጠፈው ፊልም ርካሽና በቀላሉ የሚነሣ ቢሆንም፣ መብራቱ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ በሙቀት እየተለጠጠ ስለሚለበጥ የተለጠጠው ክፍል ከሌላው የሳሳ ጥላ ይኖረዋል። ከጠንካራ መሸፈኛዎች መካከል አክሪሊክ ፀሐይን ይችላል፤ በቀላሉም አይጫርም፤ ነገር ግን ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት የተባለው ሌላው ፕላስቲክ በአንጻሩ ምት ይችላል፤ መከላከያ ቅብ ከሌለው ግን ፀሐይ ወደ ቢጫነት ይለውጠዋል። የኋላ መብራት እንደ ፊቱ በጠጠር ስለማይመታ አክሪሊኩን መረጥሁ፤ በዚህም አልተጸጸትሁም።

አብዛኛው ገዢ በቂ ትኩረት የማይሰጠው ጉዳይ የጥቁረቱ መጠን ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ጥቁሩን ነበር፤ የሽያጭ መግለጫው መሸፈኛው የመብራቱን ብርሃን ምንም እንደማይቀንስ ይናገር ነበር። ይህ ሊሆን አይችልም፤ የሚያጠቁር ነገር ሁሉ ብርሃን ይቀንሳልና። ግማሹን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መሸፈኛ የፍሬን መብራቱን በግማሽ ያደክመዋል። ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ የራሱ አምፖል የሌለው አንጸባራቂው ክፍል ነው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ብርሃን ሲገባም ሲመለስም በመሸፈኛው ውስጥ ማለፍ ስላለበት ከመቶው 25ቱ ብቻ ይመለሳል። 70 በመቶ የሚያሳልፈው ፈካ ያለ መሸፈኛ እንኳ በዚህ ስሌት 49 በመቶውን ብቻ ይመልሳል። መኪናው ተበላሽቶ ባትሪው ሞቶ በጨለማ መንገድ ዳር ቢቆም ሌላ አሽከርካሪ የሚያየው ይህንኑ አንጸባራቂ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን እንደ ቀላል ማየት አይገባም።

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 7 ለፍሬን መብራት ቢያንስ 60 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ)፣ ለተራው የኋላ መብራት ደግሞ ቢያንስ 4 ካንዴላ ይጠይቃል። አምራቹ ከዝቅተኛው ልክ በላይ ምን ያህል ትርፍ እንደተወ ገዢው በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ የፋብሪካው መብራት ፈቃድ ያገኘውም ያለ መሸፈኛ ተፈትኖ ነው። በብዙ አገሮች መብራትን ማደብዘዝ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት የራስን አገር ሕግ ማንበብ ያስፈልጋል።

ጥቁሩን በማጣበቂያ ከማያያዜ በፊት በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው ይዤ፣ አንድ ወዳጄ ፍሬን ሲረግጥ ከኋላ ቆሜ ተመለከትሁ። በምሽት ቅሬታ አልነበረኝም። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ በሚያብለጨልጨው የአክሪሊክ ገጽ ላይ ስታርፍ፣ ፍሬኑ ተረግጦ ይሁን አይሁን ለመለየት ትኩር ብዬ ማየት አስፈለገኝ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከኋላዬ ያለው አሽከርካሪ ግማሽ ሰከንድ ቢያመነታ 14 ሜትር ይጠጋኛል ማለት ነው። በዚያው ቀን ጥቁሩን መልሼ ፈካ ያለውን አዘዝሁ።

ገጠማው ትዕግሥት ይጠይቃል። መሸፈኛው ያለ ማጣበቂያ ሲለካ ጠርዙ ከመብራቱ ጠርዝ ጋር በትክክል ገጠመ፤ በዚህ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ። ማጣበቂያው ባለሁለት ገጽ የአረፋ ቴፕ ነው። መብራቱን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ በአልኮል ከወለወልሁ በኋላ ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አደረግሁበት፤ እንዲህ ያለው ቴፕ አንዴ ከነካ በኋላ ማስተካከያ ዕድል አይሰጥምና። የግራውን የገጠምሁት በቀዝቃዛ ማለዳ ነበር፤ በሳምንቱ አንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በእጥበት ጊዜ ውኃ ገባበት። ቴፑ በደንብ የሚይዘው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ባለ ሙቀት ሲሆን ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘውም ከ72 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዕቃው ጋር የመጣው አጭር መመሪያ ግን ስለ ሁለቱም ምንም አይልም። ይህ የዕቃው ትልቁ ጉድለት ነው። የቀኙን በሞቃት ቀን መብራቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጌ፣ ዙሪያውን በአውራ ጣቴ ጠንክሬ እየተጫንሁ ገጠምሁት፤ እስካሁን አልተነቃነቀም። የግራውንም አንስቼ በአዲስ ቴፕ እንደዚያው ደገምሁት። ለማንሳት ቴፑን አሙቆ በጥርስ ማጽጃ ክር ከሥር መቁረጥ ይበቃል፤ በቢላ መፈልቀቅ መብራቱን ይጭረዋል።

መሸፈኛው እንዳይጋርደው አንጸባራቂውን የሚሸፍነውን የታችኛውን ክፍል በጥሩ መጋዝ ቆርጬ ጠርዙን አለስልሼዋለሁ፤ በመስኮቱ ላይ ያለውን ሦስተኛውን የፍሬን መብራትም ሆነ የፊት መብራቶቹን ፈጽሞ አልነካሁም። አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ ስለመለወጥ አስቤ ነበር፤ ኤልኢዲ ከክር አምፖል በ0.2 ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ስለሚበራ ይማርካል፤ ነገር ግን ለክር አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ብርሃኑን በተገቢው አቅጣጫ ስለማይበትን ተውኩት። ፈካ ያለው መሸፈኛ መኪናው ሲቆም ቀዩን ወደ ጥቁር ቀይ ለውጦ የፈለግሁትን መልክ ሰጥቶኛል፤ ፍሬን ሲረገጥም በእኩለ ቀን ከሩቅ ይታያል። ለዚህ ዕቃ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ያጎደልሁትም ስለ መመሪያው ነው። ጥቁሩን ግን በሕዝብ መንገድ ለሚነዳ ሰው አልመክርም።